የግራው ሞንታርቦ

ሠርግ ይቀፈኛል። ይህን የምለው እኔ ራሴ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ በሠርግ ጊታር የምተዳደር ሰው ነኝና ምስጋና ቢስ ብባል አልከፋም። ዳስ ውስጥ የተጎዘጎዘው ሣር ከፈሰሰ ጠላና ከተጋጠ አጥንት ጋር ተለውሶ ጫማዬ ላይ ሲለጠፍ፣ ወጥ የነካ እጁን በመጋረጃው የጠረገ ሰው ያንኑ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «ድገማት!» ሲለኝ፣ ያንገሸግሸኛል። ይህ ሁሉ ግን ታጥቦ የሚለቅ ነው። ታጥቦ ያልለቀቀኝ ቡሬ ላይ በአንድ ሠርግ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከገዛ አፌ የወጣ ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጊታሬ ኢፌክት ነው። ኢፌክት የምንለው እግር ሥር የሚቀመጥ፣ ከጡብ ትንሽ ሰፋ የሚል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። ጊታሩ በገመድ ወደ እሱ ይገባል፤ እሱ ድምፁን ያወፍረዋል፣ ያስተጋባዋል፣ ሲያስፈልግም ያሻክረዋል፤ ከዚያ ከጀርባው ባሉት ሁለት ጉድጓዶች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ወደ ውጭ ይለቀዋል። የኔን ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቀኛ እጅ ያገለገለውን ገዛሁት። ከነቆሻሻው ነው የተረከብኩት፤ ማዞሪያዎቹ ሥር የሰው ላብና የፈሰሰ ቢራ ደርቆ ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ ነበር። መመሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ ቢኖረውም አላነበውም ነበር። ቤቴ ውስጥ አንዲት ትንሽ ስፒከር ነበረችኝ። በእሷ እየሰማሁ፣ ለየዘፈኑ የሚስማማ ድምፅ እየቀመምኩ፣ ዕቃው ውስጥ አስቀመጥኩ። ለትዝታው አንድ፣ ለእስክስታው አንድ፣ ለሙሽሪት መግቢያ አንድ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስቀምም ኖርኩ፤ በቀመምኩትም እኮራ ነበር። ሲበዛ እኮራ ነበር።

የባንዳችን መሪ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። ሌላ ቦታ ያየውን ሁሉ ካላመጣሁ የሚል በሽታ አለበት። አንድ ቀን ከባሕር ዳር ተመልሶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በስቴሪዮ ነው የምንሠራው፤ ጊታሩም በሁለት ገመድ ይውጣ» አለ። እስከዚያ ቀን ጊታሬ በአንድ ገመድ ወደ ሚክሰሩ፣ ወደ ድምፅ ማቀላቀያው፣ ይገባና በሁለቱም ሞንታርቦ፣ ማለትም በሁለቱም ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች፣ እኩል ይሰማ ነበር። አሁን የግራው ጉድጓድ ለግራው ሞንታርቦ፣ የቀኙ ለቀኙ ሊሆን ነው። እኔ ደስ አለኝ። ጥበቤ በሰፊው ሊሰማልኝ ነው አልኩ።

ሚክሰሩን የሚይዙት ሰው ግን ደስ አላላቸውም። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ወሬ የማያበዙ፣ ዕድሜያቸውን በየስብሰባውና በየበዓሉ ማይክሮፎን ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፍኖተ ሰላም ላይ ማይክ ማፏጨት ከጀመረ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚፈልገው እሳቸውን ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ያዳምጡና «ያችኛዋ ሽቦ ላልታለች» ይላሉ፤ ይሄዳሉ፣ የላላች ሽቦ ያገኛሉ። እንጀራቸው ጆሯቸው ነበር። ክብራቸውም እሱ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለቤታቸው በርበሬ የሚያለሙባት ቁራሽ መሬት አለቻቸው፤ ከዚያ በቀር ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ ቤት ውስጥ በሁለቱም ገመድ ሞክረነው ቢሆን» አሉኝ። «ዳስ ላይ እኮ አይሞከርም።»

ጊዜ የለም አልኳቸው። ጊዜ ነበረኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት ካርታ ስጫወት ነው የዋልኩት።

ቡሬ የሄድነው ለሙሽሪት ቤት ድግስ ነበር። ዳሱ ከነቀምቴ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከእህል መጋዘን ጎን ተጥሏል። ሁለቱን ሞንታርቦዎች ግራና ቀኝ አቆምናቸው። እንደ ወጉ ሙሽራውና አጅበውት የመጡት በአንድ ወገን፣ የሙሽሪት ዘመዶች በሌላው ወገን ተቀመጡ፤ እንዳጋጣሚ የሙሽራው ወገን ከግራው ሞንታርቦ ፊት ዋለ። የመጀመሪያውን ዘፈን ስንጀምር የቀኙ ሞንታርቦ ጊታሬን አንባረቀው፤ የሙሽሪት አክስቶች ጆሯቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከግራው የሚወጣው ግን ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ነበረች።

ጋሼ ወዲያው ሚክሰሩ ላይ ጎንበስ ብለው ግራውን ከፍ፣ ቀኙን ዝቅ አደረጉት። ለዚያ ዘፈን ተስተካከለ። ለሚቀጥለው ዘፈን እኔ የኢፌክቱን ቁልፍ ረግጬ ሌላ ድምፅ ሳመጣ ግን ግራው እንደገና ጠፋ። እንደገና አስተካከሉት። እንደገና ረገጥኩ፤ አሁን ደግሞ ቀኙ የባሰ ፈነዳ። እያንዳንዱ ድምፄ ለየብቻው የተዛነፈ ስለነበር እሳቸው ያቃኑትን እኔ በእግሬ እያጣመምኩ ነበር። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን የሚታየው ጊታር የሚጫወት ጎልማሳና ማዞሪያ እየነካኩ የሚያበላሹ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ከሙሽራው ወገን ጋቢ የደረቡ አዛውንት ብድግ አሉ። ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «እናንተ ልጆች፣ ማዶ ፋሲካው ገብቷል መሰል፤ እኛ ዘንድ ጾሙ መቼ ነው የሚፈታ?» አሉ። የሙሽሪት ዘመዶች ሳቁ፤ የሙሽራው ወገን አልሳቀም። እንግዳ ሆነው መጥተው ዘፈን የተነፈጉ መሰላቸው። አንደኛው ሚዜ ሆን ተብሎ ነው ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ሌላው እጁን ይዞ ሊያስቀምጠው ሲታገል ብርሌ ተገለበጠ። የሙሽሪት አባት ላብ አጥምቋቸው ወደ እኛ መጡና የመሪያችንን ክንድ ጨበጡት። «ቤቴን ልታፈርሱት ነው የመጣችሁ?» አሉት።

መሪው ወደ ጋሼ ዞረ። «ምንድን ነው የሚሠሩት እርስዎ?»

ጋሼ መልሱን ለእኔ ነው የሰጡት፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው። «ልጄ፣ ቤትህ ስትለማመድ በየትኛው ጉድጓድ ነው የምትሰካው? ነገሩ ተዕቃህ ውስጥ ይመስለኛል። ለዛሬ አንዱን ገመድ እንንቀለውና እንደ ድሮው እንሂድ።»

ጥያቄው ልክ ነበር። መልሱም አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት የቀመምኩትን ድምፅ አንድ ማይክ ዘርጊ በሰው ፊት ሊያራክስብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። «የኔ ዕቃ ደህና ነው» አልኩ። ዘፈን የምቀበልበት ማይክሮፎን አፌ ሥር እንደነበር አውቃለሁ፤ አላየሁትም ብል ውሸቴን ነው። «ጆሮዎ ደክሟል እኮ፣ ጋሼ። በአንደኛው ወገን አይሰማዎትም መሰለኝ። ቢያርፉ አይሻልም?»

በአንቱታ ነው የተናገርኩት። ጋሼ እያልኩ። ዘልፌያቸው ቢሆን ኖሮ ሰው «ነውር ነው» ብሎ በተቆጣኝ፤ አክብሮቱ ግን ነገሩን እውነት አስመሰለው። ማይክሮፎን ስለሆነ ከሁለቱም ሞንታርቦ እኩል ተሰማ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። የሙሽራው ወገንም ሳቀ፤ ጠቡም በረደ። አኩርፎ የነበረው ሚዜ ሳይቀር ዓይኑን ጠርጎ ተቀመጠ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና ነካ አደረጉት። ከዚያ የግራውን ገመድ ራሳቸው ነቀሉና፣ የቀኙን ለሁለቱም ሞንታርቦ አካፈሉት፤ እስከ ማታ በአንዱ ሠራን። ማንም ስለ ድምፁ ከዚያ ወዲያ አላማረረም፤ ይህንንም ያኔ ልብ አላልኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ መሪው ሁለተኛውን ገመድ እንደገና አስሰካ፤ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ጋሼን አልጠራቸውም። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ከእኛ ቀድሞ ነው ከቡሬ የገባው። ሰውዬው ደንቁረዋል ተባለ። ለስብሰባ ይጠሯቸው የነበሩትም ሌላ ሰው ፈለጉ። ገበያ አካባቢ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እሻገር ነበር። ጸጸት ይመስላችኋል? አይደለም። ሰላምታ ሲሰጡኝ የምለው ስላልነበረኝ ብቻ ነው።

መሪው በሳቸው ቦታ የሚስቱን ወንድም አስቀመጠ። ይህ ሰው ጫት እየቃመ አረንጓዴ ምራቁን በገመዶቹ መሃል እንትፍ የሚል ጉድ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ ገመዱን የምጠቀልለው እኔ ስለሆንኩ ምራቁን በእጄ ነበር የምሰበስበው። የግራው ሞንታርቦ ደግሞ ያው ነው፣ ንብ። ይኸኛው ሰው ጆሮው እንደ ፍየል የቆመ ጎረምሳ ነው። እሱንም ደክሟል ልለው አልቻልኩም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞንታርቦዎቹንና ሚክሰሩን በባጃጅ ጭኜ ቤቴ አስገባሁና በሬን ዘጋሁ።

መጀመሪያ ሞንታርቦዎቹን አቀያየርኩ። የግራው በቀኙ ቦታ ቆሞ አንባረቀ፤ የቀኙ በግራው ቦታ ቆሞ ንብ ሆነ። ሞንታርቦዎቹ ነጻ ወጡ። ገመዶቹን አቀያየርኩ፤ አሁንም ድክመቱ ከኢፌክቱ የግራ ጉድጓድ አልነቃነቅ አለ። ገመዶቹም ነጻ ወጡ። ሚክሰሩን አስወጥቼ በኤርፎን ሰማሁት፤ ያው ነው። ስለዚህ የግራው ጉድጓድ ተበላሽቷል ብዬ የዕቃውን ክዳን ፈታሁት። ውስጡን ያየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም። የደረቀ በረሮ፣ ፀጉር፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ደግሞ ምን እንደሆነ ያልለየሁት የረጋ ቅባት። በዚህ ላይ ነበር እግሬንም እጄንም ሳሳርፍ የኖርኩት። በጥጥና በአልኮል አንድ በአንድ ጠረግሁት፣ ዘጋሁት፣ ሰካሁት። ያው ነው።

የመጨረሻውን ሙከራ የሠራሁት ከብስጭት ብዛት ነው። ምንም ነገር ያልተቀመመበት፣ ባዶ የሆነ ድምፅ ከዕቃው ውስጥ ፈልጌ አመጣሁና ክሩን መታሁት። ግራና ቀኝ እኩል ተሰማ። ደግሜ መታሁት። እኩል ነው። ከዚያ የራሴን ድምፆች አንድ በአንድ እየጠራሁ ሰማኋቸው፤ የትዝታው፣ የእስክስታው፣ የሙሽሪት መግቢያው። ሁሉም ወደ ቀኝ ወድቀዋል። ዕቃው ደህና ነበር። የተበላሸው እኔ የሠራሁት ነው።

ዕቃውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። የቀኙ ጉድጓድ አፉ ተፍቆ ነጥቷል፤ የግራው ግን ብዙም አልተፋቀም። በጥጡ ዙሪያውን ስጠርገው ከቅርፊቱ ሥር አንዲት ቃል ወጣች፤ ሞኖ ትላለች። አንድ ገመድ ብቻ ያለው ሰው እዚህ ይስካ ማለት ነው። ገመዱ ግራው ላይ ብቻ ሲሰካ ዕቃው የሁለቱንም ወገን ድምፅ ደባልቆ ይሰጣል፤ ቀኙ ላይ ብቻ ሲሰካ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጠው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኙ ላይ ነው የሰካሁት። ግማሹን እየሰማሁ፣ ሲያንስብኝ ቀኙን ከፍ፣ አሁንም ሲያንስብኝ ከፍ ሳደርግ፣ የማልሰማውን ግራ እንደ ሙት ትቼው ኖሬያለሁ።

ለምን ቀኙ ላይ? ማንም አልነገረኝም፤ እጄ ነው የመረጠው። አባቴ ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ብዙም በማይርቅ ደብር፣ የአቋቋም መምህር ነበሩ። በኛ ቤት በግራ እጅ ቁራሽ መቀበል ጅራፍ ያስመዝዝ ነበር። ደጀ ሰላም ሲገባ ቀኝ እግር ይቀድማል፤ ሲሳለሙ በቀኝ ነው፤ ሲሰጡም በቀኝ። ሁለት ጉድጓድ አጠገብ ለአጠገብ ሳይ በልጅነቴ ድቁና የለመደው እጄ ሳያስብ ወደ ቀኙ ሄደ። ሰፈራችን ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ስሕተት አይመስልም። በአባቴ ላላክከው ሞክሬ ነበር፤ ይህም ሌላ የሚያስጠላ ነገሬ ነው። ማኅሌት ላይ ግን የቀኙ ሲመራ የግራው ተቀብሎ እኩል ካልመለሰ አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ዜማውን ያስቆሙት ነበር፤ «ግራው የት ገባ?» እያሉ። እኔ ከትምህርታቸው የወሰድኩት የሚመቸኝን ብቻ ነው።

ወዲያው ተነሥቼ ወደ ጋሼ የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ድምፆቼን ሁሉ በሁለቱ ገመድ እየሰማሁ እንደ አዲስ አስተካከልኩ። ሁለት ሠርግ ሠራሁ። ግራውም ቀኙም አማረ፤ መሪው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ይኸው ሰውዬው ሲሄዱ ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ» አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታ ሳስባት ፊቴን በውኃ ልታጠብ እነሣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ነው የሄድኩት።

በርበሬ የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ጋሼና ባለቤታቸው ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው፣ የቀላውን በርበሬ ከመሃል ከምረው፣ ግንጩን፣ ያቺን የጭራውን እንጨት፣ እየቀነጠቡ ነበር። ገና አጥሩን ሳልፍ በርበሬው ጉሮሮዬን ቆረጠኝ። በርበሬው ውስጥ ግን ሌላ ሽታ ነበር፤ የቆየ ቁስል ሽታ። ጋሼ ቀና አሉ። በሁለቱም ጆሯቸው ጥጥ ወትፈዋል፤ ጥጡ ቢጫ ሆኗል፤ ከአንደኛው ሥር መግል ወርዶ አንገታቸው ላይ ደርቋል። ዝንብ ያርፍበታል፤ እሳቸው በበርበሬ እጃቸው እንዳይነኩት በትከሻቸው ይከላከሉታል። ዓይኔን አዞርኩ። ማዞሬን ደግሞ አዩ።

«ይእ! ተየት መጣህ አንተ?» አሉ ባለቤታቸው። በአንድ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ጋሼ ምን ሆነው ነው አልኳቸው።

«ተዚያ ተቡሬ ሠርግ ወዲህ ጆሮዬ ደክሟል ብለው ዕረፍት አጡ» አሉኝ ባለቤታቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አላስፈለጋቸውም። «ደህና ይሰማሉ እኮ ብላቸው፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሙዚቀኛው ነው የነገረኝ አሉኝ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አፍልተው በትኩሱ ጨመሩበት። ባንዱ ወገን ነው የደከመው ተብያለሁ፣ የትኛው እንደሆን ግን አልነገረኝም ብለው፣ በሁለቱም። ያው ቆሰለ፣ መገለ። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ቆይታችኋል አሉን።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። በመንገድ ሳጠናው የመጣሁት ረጅም ነገር ነበር፤ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሞኖ፣ ስለ አባቴ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር» አልኩ በልመና ድምፅ።

«ምን አልክ?» አሉ፣ ፊታቸውን አስጠግተው።

ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። «ጥፋቱ የኔ ነው! የኔ ዕቃ ነው የተበላሸው!»

«ዕቃው ተበላሸ?» አሉ። ተነሥተው መፍቻቸውን ሊያመጡ እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ። «ምኑ ላይ ነው? አምጥተኸዋል?»

ያን ጊዜ ከበርጩማዬ ተነሣሁና ጮህኩ። ማዶ ማሳው ውስጥ በርበሬ የሚለቅሙት ቀና ብለው አዩኝ። «ጆሮዎ ደህና ነበር! እኔ ነኝ የዋሸሁት! ጆሮዎ ምንም አልሆነም ነበር!»

እጃቸውን መጥረጋቸውን ተዉ። አፌን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ሰማሽ?» አሉ። «ደህና ነበር ይላል።»

ባለቤታቸው አንድ በርበሬ አንሥተው ግንጩን ቀነጠቡት።